«አንድ ለአንድ» የሚለው ምክር ያልደረሳቸው

 አንባቢያንን አንድ ነገር ልለምን። ስለምን እንደማወራ ሲገባችሁ ገጹን አትገልብጡት። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ገልብጬዋለሁ፤ የገለበጠ ሰው ምን እንደሚያስብም አውቃለሁ።

ነገሩ የተነሳው ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «በሀገራችን የኤች.አይ.ቪ. ምክር አገልግሎት በቅጡ ያልደረሰው ማነው?» ብለው ጠየቁ። እኛ የማታ ተማሪዎች ከሥራ ደክመን ስለምንመጣ ጥያቄ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ወለል ወለሉን ነው የምናየው። የዚያን ዕለት ግን እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። የጎዳና ልጆች ተባለ፤ የረጅም ርቀት ሹፌሮች ተባለ፤ መስማት የተሳናቸው ተባለ፤ የቤት ሠራተኞች ተባለ። መምህራችንም ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድ ከወንድ ጋር የሚኖሩትስ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ ለቀልድ ያለው ለማስመሰል ይመስለኛል። መምህራችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እሱንም ጻፉት።

እኔ አልሳቅኩም። ከሌላው የተሻልኩ ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። አንድ ወረቀት ትዝ ብሎኝ ነው።

በ1999 ዓ.ም.፣ ሀገሩ ሁሉ ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ ሲል፣ አየር ጤና አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዛሬ ስልካችሁን ከኪስ አውጥታችሁ የፈለጋችሁትን የምታዩ ልጆች ላይገባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ በኮልፌ ቀራንዮ ኢንተርኔት ማለት ስድስት አሮጌ ኮምፒዩተር የተደረደረባት ጠባብ ክፍል፣ በደቂቃ የሚታሰብ ሂሳብ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ማለት ነበር። የደንበኛውም ጉዳይ የታወቀ ነው። ዲቪ መሙላት፣ ውጭ ላለ ዘመድ ኢሜይል መላክ፣ ያሁ ላይ ቻት ማድረግ።

ከደንበኞቻችን መካከል ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ሁልጊዜ አብረው ይመጣሉ። ጥጉ ላይ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠውን ኮምፒዩተር ይፈልጋሉ፤ ካልተለቀቀ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ወንድማማች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ምሽት አንደኛው ብቻውን መጣና አንድ ገጽ ፕሪንት እንዳደርግለት ጠየቀኝ። ፕሪንተራችን ቀርፋፋ ስለነበር ወረቀቱ መስመር በመስመር ሲወጣ ለማንበብ ጊዜ ነበረኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄና መልስ ነው። ሁለት ወንዶች አብረው ለመመርመር ሲያስቡ አስቀድመው ምን መነጋገር እንዳለባቸው፣ አንዳቸው ነፃ ሆነው በሌላው ደም ውስጥ ቫይረሱ ቢገኝ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያብራራል።

ገባኝ። ከዚያ «ይሄ ለእናንተ ነው እንዴ?» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ተራ የሚጠብቁ ሦስት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ዞር ብሎ አየው። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወረቀቱን ሳይወስድ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እሱንም ጓደኛውንም አይቻቸው አላውቅም።

ወረቀቱን ምን እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ጀርባው ንጹሕ ስለነበር የደንበኞችን ደቂቃ መዘገብኩበት።

ያን ወረቀት ሌላ ቦታ ማግኘት ይችል ነበር ወይ? እስቲ ዘመኑን እናስታውስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የዕድር ድንኳን ከአንድ ደጅ ተነቅሎ ሌላ ደጅ ሲተከል ያየን ሰዎች ነን። ከዚያ በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ተጀመረ። በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ነበረ። ወገን የሚባለው ነፃ የስልክ መስመር ነበረ፤ 952 ብሎ የደወለ ሰው ስሙን ሳይናገር ምክር ያገኛል። በሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ድራማ ነበረ፤ በ«ቤተኛ» ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን ኑሯቸውን በራሳቸው አንደበት ይተርኩልን ነበር። ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በአዲስ አበባ ግን 3.4 በመቶ ነበር። ከተማችን ገና ከእሳቱ አልወጣችም ማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ፖስተር፣ በዚያ ሁሉ ድራማ ላይ ያለው ሥዕል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነው። ምክሩም ይታወሳል። መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም። ይህን እየሰማ ያደገና ከወንድ ጋር የሚሄድ ሰው ምን ይደመድማል? «ይሄ በሽታ የወንድና የሴት ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ቢል ሞኝ ነው አንለውም። ፖስተሩን በትክክል ነው ያነበበው። ፖስተሩ ነው ያልነገረው።

እውነታው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቃሉን ሳላድበሰብስ ልጻፈው፤ የጤና ጉዳይ ነውና። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግንኙነት፣ በፊንጢጣ በኩል ተቀባይ የሆነው ሰው ከ10 ሺህ ጊዜ 138 ጊዜ ያህል የመያዝ ዕድል አለው። በተለመደው የወንድና የሴት ግንኙነት ሴቷ የምትያዘው ከ10 ሺህ 8 ጊዜ ያህል ነው። ምክንያቱ ኃጢአትም እርግማንም አይደለም፤ የአካሉ ስስ ሽፋን በቀላሉ መቁሰሉና ቫይረሱ የሚፈልጋቸው ሕዋሳት እዚያ መብዛታቸው ነው። ያው አደጋ በዚያው መንገድ ግንኙነት ለምታደርግ ሴትም አለ። ይህንንስ በየትኛው ፖስተር ላይ አይታችኋል?

«እንደዚህ ያለ ሰው በእኛ ሀገር የለም» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሺዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ከወንድ ጋር ግንኙነት ስላላቸው የአዲስ አበባ ወንዶችና ስለ ኤች.አይ.ቪ. ያጠኗቸው ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ታትመዋል። ስለ ኒውዮርክ ወይም ስለ ለንደን አይደለም የሚያወሩት፤ እኛ ታክሲ ስለምንሳፈርባት ከተማ ነው። በዚያን ሰሞን፣ በኅዳር 2004 ዓ.ም.፣ ስለ ኤድስ የሚመክረው ትልቁ የአፍሪካ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ስለነዚህ ወንዶች ጤና የሚነጋገር ቅድመ ስብሰባ ተዘጋጅቶ ነበርና የሃይማኖት አባቶች እንዲቀር ጠይቀው ከተማውን ማነጋገሩ ይታወሳል። የሌለ ነገር ስብሰባ አይጠራበትም፤ ተቃውሞም አይነሳበትም።

ስለ ራሴ ልቀጥል። በ2003 ዓ.ም. ሚስቴን ከማግባቴ በፊት ቤተ ክርስቲያን የምርመራ ወረቀት አምጡ አለችን። ይህ በብዙዎቻችሁ ቤት የታወቀ ነው። ሁለታችንም አንድ ጤና ጣቢያ ሄደን አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጇ በረዶ ሆኖ ነበር፤ የእኔም ያው ነው። አማካሪዋ ሲስተር ሁለታችንን በአንድ ላይ አስገብታ ውጤቱ ሳይነገር በፊት «አንዳችሁ ላይ ቢገኝ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ሚስቴ ቀድማ መለሰች። ምን እንዳለች ለራሴ ላስቀረው። ግን ያቺ አሥር ደቂቃ ከሠርጉ ቀን ይልቅ እንዳጋባችን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ያቺን ጥያቄ እኔ አውቃታለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ከፕሪንተር ውስጥ ስትወጣ አንብቤያታለሁ።

ለመሆኑ ይህ «ጥንዶችን አብሮ መመርመር» የሚባለው ዘዴ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? እኔ ከአሜሪካ ይመስለኝ ነበር። ከአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዶክተር ሱዛን አለንና ባልደረቦቿ በሩዋንዳ ኪጋሊ ባልና ሚስትን በአንድ ላይ አስቀምጠው መመርመርና መምከር ጀመሩ፤ ቆይቶም በዛምቢያ ሠሩበት። ሃያ ዓመት አልፎ ዘዴው ባሕር ተሻግሮ አትላንታ ደረሰ። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ለሁለት ወንዶች እንዲሆን አሻሻሉት። ለምን አስፈለጋቸው? ፓትሪክ ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ከወንድ ጋር ግንኙነት ካላቸው ወንዶች መካከል ከሚያዙት 68 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱን ያገኙት ከዋናው ጓደኛቸው እንደሆነ ስለገመቱ ነው። ከማያውቁት ሰው አይደለም፤ ከሚያምኑት ሰው ነው። ከሚያምኑት ጋር ኮንዶም ይቀራል፤ ከሚያምኑት ጋር «እንመርመር» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገንም፤ በባልና ሚስት ስንት አይተናል።

ቀጥሎ የመጣው ነው ለእኛ ቁም ነገሩ። በሚችጋን ዩኒቨርሲቲ ሮብ ስቲቨንሰን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ኔክሰስ የተባለ ፕሮጀክት ሠራ። ሁለቱ ሰዎች ክሊኒክ አይሄዱም። የመመርመሪያ ዕቃው በፖስታ ቤታቸው ይደርሳል፤ አማካሪው በኢንተርኔት በቪዲዮ ከሁለቱም ጋር እየተነጋገረ ምርመራውን ያስኬዳል። የዚያች የጤና ጣቢያችን አግዳሚ ወንበር ኮምፒዩተር ውስጥ ገባች ማለት ነው። ክሊኒክ ያለው የክሊኒኩን በር ሊፈራ ይችላል በሚል ነው ይህ ሁሉ የተሠራው። እንግዲህ አስቡት፤ በሕግ የማይቀጡበት ሀገር ያሉት ይህን ያህል ከፈሩ፣ የእኛዎቹ ምን ይሁኑ?

የእኛ ሀገር ሁኔታ እንዲህ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ማክበጃው በቀጣዩ አንቀጽ አለ። የሀገሪቱ የኤች.አይ.ቪ. ስትራቴጂ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ሲዘረዝር በወሲብ ንግድ ላይ የተሰማሩ ሴቶችን፣ ታራሚዎችን፣ የረጅም ርቀት ሹፌሮችን ያነሳል፤ እነዚህን ወንዶች ግን አያነሳም። ፕሬፕ የተባለው፣ ነፃ የሆነ ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው እንክብል፣ በሀገራችን ሲጀመር የታሰበው በወሲብ ንግድ ለተሰማሩ ሴቶችና አንዳቸው ቫይረሱ ላለባቸው ባልና ሚስት ነው። «አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው ጥንዶች» የሚለውን ስታነቡ ሁለት ወንዶች ወደ አእምሯችሁ መጡ? አልመጡም። ለጻፈውም አልመጡለትም።

አሁን አንድ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ ለእኛ ለሶሻል ወርክ ሰዎች ዋናው ይህ ይመስለኛል። አንድ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ቫይረሱ ሲገኝበት አማካሪው «ግንኙነት ያደረግኸው ከማን ጋር ነው? እንድትመረመር አምጣት» ይለዋል። ጥሩ አሠራር ነው፤ ብዙ ሰው ሳይታመም የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። አማርኛችን ግን ጥያቄውን ሲጠይቅ መልሱን አብሮ ይዘጋል። «አምጣት» ነው የሚለው። ሰውየው ሚስት ካለችው ሚስቱን ያመጣል። የወንድ ጓደኛውን አያመጣም፤ ስሙንም አይጠራም። መዝገቡ ላይ የሚቀረው የባልና የሚስት ታሪክ ይሆናል፤ ሌላው ሰው ሳይመረመር፣ ሳያውቅ፣ መድኃኒት ሳይጀምር ይኖራል። የቤተሰብ ግፊት ስላለ ብዙዎቹ ማግባታቸው አይቀርም። ስለዚህ ዝምታችን ጎዳ ካልን የሚጎዳው እነሱን ብቻ አይደለም፤ ምንም የማታውቅ ሴት አለች፤ የሚወለድ ልጅ አለ።

እኔ የምኖረው ዘነበወርቅ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተመሠረተበት ግቢ ማለት ነው። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን ወደ ቤታቸው መመለስ ስላልቻሉ፣ ወይም የሚቀበላቸው ስላጡ፣ እዚያው አካባቢ ጎጆ ቀለሱ። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እያለ የሚተርት ሕዝብ መካከል ነው የኖሩት። በሽታው የሚድን መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ብዙ ሰው ምልክቱን ደብቆ እጁና እግሩ እስኪጎዳ ቤቱ የተቀመጠው ቃሉን ፈርቶ ነው። ዛሬ በዚያው ግቢ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ከሌላኛው የከተማው ጫፍ ነው የሚመጡት፤ የሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ጎረቤት እንዳያያቸው። ይህን ስጽፍ እኔ ያልኳት ዓረፍተ ነገር ከተረቱ ምን ያህል ትለያለች ብዬ አሰብኩ። አትለይም።

እንግዲህ የክሊኒኩ በር እንዲህ ከሆነ ስልኩ ይቀራል። ሆኖም ኢንተርኔትን መድኃኒት አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ስልኩ ራሱ ወጥመድ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «እነሆ» ሲባል አይተናል፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ የከተማዋ የጸጥታ አካላት በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመራቸውን አስታውቀው ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቁ። ራሳቸውን «ዜጋ» ብለው የሚጠሩት እነዚህ ሰዎች የመሠረቱት ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው ቡድን ያን ሰሞን ስለ ቲክቶኩ ዘመቻ ከውጭ ሆኖ ድምፁን አሰምቷል። ጓደኛ መስሎ ቀጠሮ ይዞ፣ ደብድቦ ገንዘብ የሚቀበልም አለ። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሰጥ ምክር ካለ ስም የማይጠይቅ፣ ስልክ ቁጥር የማይመዘግብ፣ «ግባና አባል ሁን» የማይል መሆን አለበት። ሰውየው አንብቦ፣ ከስልኩ አጥፍቶት ይሂድ። የ952ቱ ብልሃት ይኸው አልነበረም? ስምህን ሳትናገር ጠይቅ ነው ያለው።

ምን ይጻፍበት? በአማርኛ የሚገኘው ነገር ወይ እርግማን ነው ወይ ተስፋ የማይሰጥ ወሬ። መጻፍ ያለበት ደግሞ ብዙ አይደለም፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ኮንዶም ከውኃ በተሠራ ማለስለሻ ካልሆነ በቀር በቫዝሊን ወይም በቅባት እንደሚቀደድ። ኮንዶም ቢቀደድ ወይም ሰው ተደፍሮ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ደርሶ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን፤ 72 ሰዓት ማለት ቅዳሜ ማታ ለሆነ ነገር እስከ ማክሰኞ ማታ ነው፤ ግን በቶሎ መሄዱ ይሻላል። ሁለቱም ነፃ ናቸው ማለት የሚቻለው እስከ 3 ወር ጠብቆ እንደገና በመመርመር እንደሆነ። በአፍ ፈሳሽ ራስን የመመርመሪያ ዕቃ መኖሩን። አንዱ ላይ ቢገኝ ፍቅሩ አለቀ ማለት እንዳልሆነ።

ይህቺን የመጨረሻዋን ትንሽ ላብራራ። ፓርትነር 2 የተባለው የአውሮፓ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸውና መድኃኒታቸውን በሥርዓት እየወሰዱ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ የወረደላቸው 782 የወንድ ጥንዶች ለዓመታት ተከታተሏቸው። ያለ ኮንዶም 76 ሺህ ያህል ጊዜ ግንኙነት አድርገዋል። ከጓደኛው ወደ ጓደኛው የተላለፈ ስንት ነው? ዜሮ። መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም፤ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ያ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ በ1999 ዓ.ም. ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ ጥናቱም አልነበረም። አሁን ግን አለ። ነገር ግን በቋንቋችን፣ ለእሱ ተብሎ፣ የነገረው የለም። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ሌናካፓቪር የተባለው መከላከያ መርፌም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እንዲሰጥ መክሯል፤ ከሙከራዎቹ አንዱ የተደረገው በዋናነት በእንዲህ ዓይነት ወንዶች ላይ ነበር።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች አንዱ ሕጉ ነው። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ሰው ከበሽታ እንዳይያዝ እውነቱን መንገርን የሚከለክል ቃል በአንቀጹ ውስጥ አላየሁም። ሕጉ መኖር አለበት የለበትም የሚለውን ለሕግ ዲፓርትመንት ልጆች እንተውላቸው፤ ሲከራከሩ ይደሩ። እኔ የምለው ሕጉ እያለም ቢሆን፣ ሰውየው የወንድ ጓደኛውን ይዞ ጤና ጣቢያ እንዳይመጣ ያደረገው ይኸው ፍርሃት መሆኑን ባለሙያ ሊክደው አይችልም ነው። ሁለተኛው «ማበረታታት ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል ለእኔ አዲስ አይደለም። በትምህርት ቤት ስለ ኮንዶም ሲወራ ወላጆች ያሉት ይኸንኑ ነበር። ሦስተኛው «የፈረንጅ ገንዘብ ነው የሚያጽፋችሁ» የሚለው ሲሆን፣ እሱ እንኳ አሁን ያስቃል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። የፈረንጁ ገንዘብ ያን ጊዜ ተቋርጧል። እንክብሉም አማካሪውም ሲያንስ ግን አንድ ገጽ አማርኛ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይህን የሚያክል ዲፓርትመንት ያውም በየዓመቱ ስንት የማይነበብ ተርም ፔፐር የሚያስጽፍ (መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ) አቅሙ አለው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኔ ግን ይህን ተረት እንደ ድሮው አልወደውም። የደበቀውን ሰው ብቻ ይወቅሳል፤ እንዲደብቅ ያደረገውን አይጠይቅም።

ለማንኛውም ለኮርሱ የሚገባውን የግል ሥራ ስሠራ ሌላ ርዕስ ትቼ ይህንኑ መረጥኩ። ከላይ ያልኳትን አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩ። ሁለት ወንዶች አብረው ለመመርመር ሲያስቡ ምን እንደሚነጋገሩ፣ ውጤቱ ቢለያይ ምን እንደሚያደርጉ፤ ከሞላ ጎደል በፕሪንተሩ ስትወጣ ካነበብኳት ወረቀት ትዝ የሚለኝን ያህል፣ ዛሬ የሚታወቀውን ጨምሬ። ቤት ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ያ የነገርከኝ ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። አላውቀውም። በደቂቃ መዝገቡ ላይ «ጥግ» ብለን ነበር የምንጽፈው።

መምህራችን ሥራዬን ባለፈው ሳምንት አርመው መለሱልኝ። ውጤቱ መጥፎ አይደለም። የሐሳብ እርማት የለበትም፤ አንዲት ቃል ብቻ በገባችበት ቦታ ሁሉ በቀይ ተሰምሮባታል። «ጓደኛ» የምትለዋ ናት። በኅዳጉ ላይ «የትኛው ጓደኛ? የሥራ? የትምህርት? አንባቢው ለእሱ እንደተጻፈ በምን ያውቃል?» ብለው ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው። «የትዳር ጓደኛ» እንዳልል ትዳር የለም፤ «ፍቅረኛ» ስል ለሴት ይመስላል፤ ሕጉ ላይ ያለውን ቃል ብጽፍ ሰውየው ሁለተኛውን መስመር ሳያነብ ይዘጋዋል። እስከ ዓርብ አስተካክዬ መመለስ አለብኝ፤ ሦስት ቃል ጽፌ ሦስቱንም ሰርዣለሁ።